የጣቢያው መዝገብና የጎረቤቱ መዝገብ

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች የፖሊስና የሸሪፍ ሙስናን ስለመመርመር ለጋዜጠኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የአሜሪካ የአካባቢ ጋዜጠኞች በትንንሽ ከተሞችና ካውንቲዎች (በግዛት ሥር ባሉ አውራጃዎች) የሕግ አስከባሪዎችን ሙስና እንዴት እንደሚያወጡ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ቼክ ልጀምር። በአላባማ ግዛት፣ ኤቶዋ ካውንቲ ውስጥ የሸሪፉን፣ ማለትም የካውንቲውን ፖሊስና እስር ቤት የሚመራውን ሰው፣ ግቢ ሣር የሚያጭድ አንድ ወጣት ሒሳቡን የሚቀበለው በቼክ ነበር። ቼኩ ጥግ ላይ የታተመው ጽሑፍ «የሸሪፍ ቶድ ኢንትሬኪን የምግብ አቅርቦት ሒሳብ» ይላል። ምግቡ የእስረኞች ምግብ ነው። የአላባማው የዜና ድረ ገጽ የኤኤል ዶት ኮም ጋዜጠኛ ኮነር ሺትስ በ2018 ይህን ይዞ ተነሣ። በጊዜው ግዛቱ ለእያንዳንዱ እስረኛ በቀን 1.75 ዶላር ይመድብ ነበር። የአላባማ ሸሪፎች ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወጣን አንድ ሕግ «ከምግቡ የተረፈው የሸሪፉ ነው» ብለው ይተረጉሙት ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እዚያ የሕግ አንቀጽ አግኝቶ ነበር ማለት ነው።

ሺትስ ቀጥሎ የሄደው ሸሪፉ ራሳቸው ፈርመው ለግዛቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን ወዳስገቡት የሀብት ማሳወቂያ ቅጽ ነው። በተከታታይ ሦስት ዓመታት ከምግብ አቅርቦት በዓመት «ከ250,000 ዶላር በላይ» እንዳገኙ ሞልተዋል። ሌላው የንብረት መዝገብ ነው፤ ሸሪፉና ባለቤታቸው በ2017 በባሕር ዳርቻ የ740,000 ዶላር ቤት ገዝተዋል። ሸሪፉ «ሕጉ ይፈቅድልኛል» አሉ። በ2018 ጁን በፓርቲያቸው የቅድመ ምርጫ ውድድር ተሸነፉ፤ በ2019 የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን ቀየረው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የተሰረቀ ሰነድ የለም፣ በጨለማ የተቀበሉት ፖስታም የለም። ያለው ቼክ፣ ቅጽና የቤት ሽያጭ ምዝገባ ነው። ሦስቱን የጻፉት የተለያዩ እጆች ናቸው፤ ሲጽፉም አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፦ ሙሰኛ ፖሊስ የራሱን መዝገብ ማስተካከል ይችላል፤ የጎረቤቱን መዝገብ ግን አይደርስበትም። የጋዜጠኛው ሥራ ጎረቤቱን ማግኘት ነው።

ትንሽ ከተማ ለምን?

አሜሪካ ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ከአካባቢ ፖሊስ ጣቢያዎች ግማሽ ያህሉ ከ10 የሚያንስ ፖሊስ ነው ያላቸው። እንዲህ ያለ ጣቢያ የውስጥ ምርመራ ክፍል የለውም። የአዛዡን ወጪ የሚመዘግበው ጸሐፊ ፈቃዱንም የትርፍ ሰዓት ክፍያውንም የሚያስፈርመው ከዚያው አዛዥ ነው። የከተማው ዳኛ በሳምንት ወይም በወር አንድ ቀን የሚያስችል የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የፖሊስ አዛዡን የሚሾሙት ከንቲባው ወይም የከተማው ምክር ቤት ስለሆኑ ሊሽሩትም ይችላሉ። ሸሪፍ ግን በአብዛኛው ግዛት በየአራት ዓመቱ በሕዝብ ይመረጣል፤ የካውንቲው ምክር ቤት በጀቱን ይቆርጥበት ይሆናል እንጂ አያባርረውም። ስለዚህ ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ስሞች በወረቀት ላይ ይስፈሩ፦ ማን ይቀጥራል፣ ማን ያባርራል፣ ክፍያን ማን ያጸድቃል። ሦስቱም ቦታ ላይ አንድ ስም ከመጣ ከዚያ ጀምሩ።

ገንዘቡን በአምስት ዓመት መነጽር

ብሩክሳይድ በአላባማ ያለች 1,253 ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። በ2018 አዲስ የፖሊስ አዛዥ ተሾመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማዋ ከቅጣትና ከንብረት ውርስ (ፖሊስ ከወንጀል ጋር ተያይዟል ብሎ ይዞ ከሚወረሰው ንብረት) የምታገኘው ገቢ ከ640 በመቶ በላይ አደገ፤ በ2020 ከጠቅላላ ገቢዋ 49 በመቶ የሆነው ከዚህ ነበር። በጎታች መኪና የተወሰዱ ተሽከርካሪዎች በ2018 50 ነበሩ፣ በ2020 789 ሆኑ። ጆን አርቺባልድና የኤኤል ዶት ኮም ባልደረቦቹ ይህን በ2022 ጃንዋሪ አወጡ፤ አዛዡ በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀ፤ ዘገባው በ2023 የአካባቢ ዘገባ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ይህን ስሌት ማንኛውም ሰው መሥራት ይችላል። የከተማውን የአምስት ዓመት የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት ጠይቁ። «ቅጣትና ውርስ» የሚለውን መስመር ከየዓመቱ አውጡና ለጠቅላላ ገቢ አካፍሉት። አንድ ዓመት ብቻውን ዜና አይሆንም፤ ዜናው የመስመሩ አቀበት ነው። ቀጥሎ በነዋሪ ብዛት የሚቀራረቡና በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ሦስት ከተሞችን ወስዳችሁ ተመሳሳዩን አድርጉ። ይህን ካልሠራችሁ አዛዡ «መንገዱ ስለሚያልፍብን ነው» ይላችኋል፤ መልስም አይኖራችሁም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም እንበል። የመጀመሪያው ስሕተት የተያዘ በጀትን ከተሰበሰበ ገንዘብ ጋር መቀላቀል ነው። በጀት ምኞት ነው፤ የተመረመረው ሪፖርት የሆነውን ይናገራል። ሁለተኛ፣ የከተሞች የበጀት ዓመት ብዙ ጊዜ በጁላይ ወይም በኦክቶበር ይጀምራል፤ የእስር ቁጥር ግን በቀን መቁጠሪያ ዓመት ይሰላል። ሁለቱን ሳታስተካክሉ ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ የማይኖር ጭማሪ ትፈጥራላችሁ። ሦስተኛ፣ ዳኛው የወሰነው ቅጣትና ሰው የከፈለው ቅጣት አንድ አይደሉም። አራተኛው ለብዙዎች ስውር ነው፦ ከእያንዳንዱ ቅጣት የተወሰነው ለግዛቱ ይተላለፋል። ከተማው ጠቅላላውን እንደ ገቢ ጽፎ የግዛቱን ድርሻ በወጪ በኩል ከመዘገበ መቶኛችሁ ያብጣል፤ ጽሑፉ በወጣ ማግስትም የከተማው ሒሳብ ሹም ይህችኑ ስሕተት ይዞ ቀሪውን ሁሉ ያስተባብላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማተማችሁ በፊት ከሪፖርቱ ጀርባ ያሉትን ማብራሪያዎች አንብቡ፤ ከዚያ ሪፖርቱን ለፈረመው የውጭ ኦዲተር ደውላችሁ መስመሩ ምን እንደሚያካትት ጠይቁት።

የንብረት ውርስ የራሱ መንገድ አለው። ፖሊስ ከመንገድ ላይ የያዘው ገንዘብ በግዛቱ ፍርድ ቤት የሚወረስ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ክስ ይከፈትበታል፤ ተከሳሹ ሰው ሳይሆን ገንዘቡ ወይም መኪናው ስለሆነ በሰው ስም ብትፈልጉ አታገኙትም። መዝገብ ቤቱን በጉዳዩ ዓይነት አውጡልኝ በሉት። ጉዳዩ በፌዴራል መንግሥት በኩል ካለፈ ደግሞ እስከ 80 በመቶው ለአካባቢው መሥሪያ ቤት ይመለሳል፤ መሥሪያ ቤቱም ምን ያህል እንደተቀበለና በምን ላይ እንዳዋለው በየዓመቱ ለፌዴራል መንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ እንግዲህ አንዱ ጎረቤት ነው። ከዚያ አንድን ጉዳይ ይዛችሁ ሦስት አኃዞችን ፈልጉ፦ ፖሊሱ በመንገድ ላይ ሪፖርቱ ውስጥ የጻፈውን፣ የኤግዚቢት ክፍሉ የተረከበበትን ደረሰኝ፣ ወደ ባንክ የገባውን። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ወይም ከመያዣው እስከ ባንኩ ሳምንታት ካለፉ ማን እንደቆጠረው ጠይቁ። ሁለት ሰው ቆጥሮ ሁለት ሰው መፈረም አለበት፤ አንድ ፊርማ ብቻ ያለበት ደረሰኝ ብዙ ይናገራል።

ሰነድ አጠያየቅ

በ1966 የወጣው የፌዴራል የመረጃ ነጻነት ሕግ የካውንቲ ሸሪፍን አይመለከትም፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የሰነድ ሕግ አለው። በካንሳስ መሥሪያ ቤቱ በሦስት የሥራ ቀናት፣ በኢሊኖይ በአምስት መልስ መስጠት አለበት። በቴክሳስ ሰነዱን መከልከል የፈለገ መሥሪያ ቤት ጥያቄው በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የግዛቱን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ውሳኔ መጠየቅ አለበት። የጥያቄያችሁ ደብዳቤ የግዛቱን አንቀጽ ይጥቀስ፤ የአንዱን ግዛት ሕግ ለሌላው መጥቀስ ጀማሪነትን ያሳብቃል፣ ማዘግየትንም ይጋብዛል።

የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ሙስናው አይሁን። የሰነድ ማቆያ ሰንጠረዡን ጠይቁ፦ የትኛው ወረቀት ስንት ዓመት ይቀመጣል፣ ቪዲዮ መቼ ይሰረዛል። አንዳንድ ጣቢያ ለክስ ያልተፈለገ የደረት ካሜራ ቪዲዮ ከ90 ቀናት በኋላ ይሰርዛል። ጥያቄያችሁ በ91ኛው ቀን ከደረሰ እውነቱን ይናገራሉ፤ የለም። ጊዜው ከመድረሱ በፊት «ይህን ቪዲዮ ስለጠየቅን እንዳይሰረዝ» የሚል የተለየ ደብዳቤ በቀን ተጽፎ ይላክ።

ቀጥሎ ጥያቄውን ቁረጡት። «ከ2015 ጀምሮ ያሉ የኃይል አጠቃቀም ሰነዶች በሙሉ» የሚል ጥያቄ የሺህ ዶላር የፍለጋ ክፍያ ይዞ ይመለሳል። «ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 የተሞሉ የኃይል አጠቃቀም ቅጾች፣ በኤክሴል ካለ በኤክሴል» ሲባል ግን ሊከለክሉት ይከብዳል። በኤክሴል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታትሞ በስካን የመጣ 600 ገጽ ሠንጠረዥ እንደገና ሲተየብ ሁለት ሳምንት ይበላል፣ ስሕተትም ያስገባል። ሲከለክሏችሁ የከለከሉበትን አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ። «ምርመራ ላይ ነው» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ በብዙ ግዛቶች ግን የምርመራ ፋይል ቢዘጋም የመጀመሪያው የክስተት ሪፖርት፣ የእስር መዝገቡና የክፍያ ደረሰኙ አይዘጉም።

መከልከሉ ከቀጠለ ያው ሰነድ ሌላ ማን ዘንድ እንዳለ አስቡ። የድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉ ብዙ ጊዜ በካውንቲው ሥር እንጂ በከተማው ፖሊስ ሥር አይደለም፤ ፖሊሱ መቼ እንደተላከ፣ መቼ እንደደረሰ፣ መቼ እንደጨረሰ በሰከንድ ይመዘግባል። ትንንሽ ከተሞች ለክስ የሚከፍሉት ካሳ ብዙ ጊዜ ከካዝናቸው ሳይሆን ከጋራ የመድን ቋት ስለሚወጣ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ አይታይም፤ ቋቱን ጠይቁ። ከወታደራዊ መጋዘን የተሰጠ ተሽከርካሪና ጠመንጃ ዝርዝር የመከላከያ ሎጂስቲክስ ኤጀንሲ ያወጣዋል። በፌዴራል ፍርድ ቤት የተከፈተ የሲቪል መብት ክስ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሰነድ ድረ ገጽ በሆነው በፔሰር ላይ በገጽ 10 ሳንቲም ይገኛል፣ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር በታች ከተጠቀማችሁ ክፍያው ይቀራል። በእነዚህ ክሶች ላይ የተያያዙ አባሪዎች ጣቢያው ለሁለት ዓመት ሲከለክላችሁ የነበረውን ወረቀት አንዳንዴ በነጻ ያስረክቧችኋል።

ማሽን የጻፈው መዝገብ

ሚሲሲፒ ውስጥ ራንኪን ካውንቲ የሸሪፉ ምክትሎች (በሥሩ ያሉ ፖሊሶች) የቡድን ስም አውጥተው ሰዎችን ያሰቃዩ ነበር። በ2023 ጃንዋሪ በሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ላይ በፈጸሙት ስቃይ አምስት ምክትሎችና አንድ የከተማ ፖሊስ ጥፋተኝነታቸውን አመኑ፤ በ2024 ማርች የፌዴራል ፍርድ ቤት ከ10 እስከ 40 ዓመት ፈረደባቸው። የሚሲሲፒ ቱደይና የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች የጠየቁት ግን ሌላ ነበር፦ ይህ የአንድ ሌሊት ነገር ነው ወይስ ልማድ? መልሱን ካገኙባቸው ቦታዎች አንዱ የቴዘር መዝገብ ነው።

ቴዘር የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚለቅ የፖሊስ መሣሪያ ነው። ቃታው በተሳበ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ለስንት ሰከንድ እንደለቀቀ በውስጡ ይመዘግባል፤ መደበኛው አንድ ዙር አምስት ሰከንድ ነው። ፖሊሱ ሪፖርት ባይጽፍም መሣሪያው ይጽፋል። አሠራሩ ይህ ነው። የመሣሪያውን መለያ ቁጥርና ማን እንደተረከበው የሚያሳየውን ዝርዝር አንድ ላይ ጠይቁ፤ ያለ ርክክብ ዝርዝሩ መዝገቡ ባለቤት የለውም። እያንዳንዱን የቃታ ስበት ከኃይል አጠቃቀም ቅጽ፣ ከእስር መዝገብና ከጥሪ ማዕከሉ ሰዓት ጋር አዛምዱ። በፈረቃ መጀመሪያ ላይ ያለ የአንድ ጊዜ አጭር ስበት ብዙውን ጊዜ የዕለቱ ሙከራ ነው፤ ለይታችሁ አውጡት። የሚቀሩት ቅጽ የሌላቸው ስበቶች ናቸው። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቤት አድራሻ ጥሪ ላይ፣ ስድስት ስበት ካለና ቅጽ ከሌለ የዚያን ሌሊት ታሳሪ ፈልጉ፤ የመታሰሪያ ፎቶውን፣ በፈቃዱ የሕክምና ካርዱን፣ ከእሱ ጋር የነበሩትን ሰዎች።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የመሣሪያው ሰዓት ደቂቃዎች ሊያፈነግጥ ይችላል፣ አንዳንዱ መዝገብ በግሪንዊች ሰዓት ነው፣ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ሲቀየር ደግሞ አንድ ሰዓት ይዛባል። መጀመሪያ ክስተቱ የማያጠራጥር፣ ቪዲዮ ያለው አንድ ጉዳይ ወስዳችሁ ልዩነቱን ለኩ፤ ያንን ልዩነት በሌሎቹ ላይ አርሙ። ይህን የማስተካከያ ሥራ ከጽሑፋችሁ ጋር አብራችሁ ብታወጡት የመከላከያ ጠበቃውን ግማሽ ጥያቄ ትመልሳላችሁ።

የሥራ ሰዓት ስርቆት በዚሁ መንገድ ይያዛል፣ በፍጥነት ልለፈው። የደመወዝ ሰዓት ቅጽን ከጥሪ ማዕከሉ መዝገብና ከፓትሮል መኪናው ጂፒኤስ ጋር አስተያዩ። ፖሊሱ በግል ጥበቃነት የሚሠራበት ሱቅ ወይም የግንባታ ቦታ ካለ የዚያን ክፍያ ደረሰኝ ጨምሩ። ነገር ግን በሬዲዮ ዝም ያለ ፖሊስ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ምስክር ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል። አንድ ቀን ሳይሆን ስድስት ወር አስተያዩ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮዎችን ቀንሱ።

ሰውየው ከመምጣቱ በፊት የት ነበር?

በቴክሳስ ቱሊያ የምትባል ከተማ በ1999 ጁላይ አንድ ጠዋት ላይ 46 ሰዎች አደንዛዥ ዕፅ ሸጣችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ማስረጃው የአንድ ስውር ፖሊስ ቃል ብቻ ነበር፤ ቶም ኮልማን ይባላል። ቪዲዮ የለም፣ የድምፅ ቅጂ የለም፣ አብሮት የነበረ ባልደረባ የለም። ግዛቱ የዓመቱ ምርጥ ሕግ አስከባሪ ብሎ ሸለመው። ኔት ብሌክስሊ በ2000 በቴክሳስ ኦብዘርቨር ያወጣው ዘገባ ወደ ኋላ ሄደ፦ ኮልማን ቀድሞ ምክትል ሸሪፍ በነበረበት ኮክራን ካውንቲ ዕዳ ጥሎ እንደወጣና የካውንቲውን ነዳጅ ሰርቋል ተብሎ እንደተከሰሰ፣ ክሱም በስውር ሥራው መሐል እንደመጣበት የሚያሳይ መዝገብ ነበር። በ2003 አገረ ገዢው ሪክ ፔሪ ለ35 ሰዎች ምሕረት ሰጡ፤ በ2005 ኮልማን በሐሰት ምስክርነት ጥፋተኛ ተባለ።

ልብ በሉ፣ የቱሊያን ጉዳይ የከፈተው ሰነድ ቱሊያ ውስጥ አልነበረም። ከአንድ ጣቢያ ተባርሮ ሌላ ጣቢያ የሚቀጠር ፖሊስ የተለመደ ነው፤ ትንሽ ከተማ ደመወዟ አነስተኛ ስለሆነ የሠለጠነ ሰው በርካሽ ስታገኝ ብዙ አትጠይቅም። የአንኮሬጅ ዴይሊ ኒውስና የፕሮፐብሊካ ዘገባ በ2019 እንዳሳየው አላስካ ውስጥ ስቴቢንስ በምትባል መንደር ያሉት ሰባቱም ፖሊሶች በቤት ውስጥ ጥቃት ክስ ጥፋተኛ ነን ብለው ያውቁ ነበር። በኢንዲያና ኤልክሃርት ደግሞ ሳውዝ ቤንድ ትሪቢዩንና ፕሮፐብሊካ በ2018 ከ34 አለቆች 28ቱ የዲሲፕሊን ቅጣት እንደነበረባቸው ቆጠሩ።

የምትፈልጓቸው ወረቀቶች እነዚህ ናቸው። ከግዛቱ የፖሊስ ሙያ ፈቃድ ኮሚሽን የሰውየውን የቅጥር ታሪክና ከየጣቢያው የወጣበትን ምክንያት የሚገልጽ ቅጽ፤ «በፈቃዱ ለቀቀ» የሚለው ብዙ ጊዜ ድርድር ነው፣ ስለዚህ የለቀቀበትን ቀን ከቅሬታዎች ቀን ጋር አስተያዩ። ከዓቃቤ ሕጉ ደግሞ ታማኝነታቸው የሚያጠራጥር ፖሊሶችን ዝርዝር። ዓቃቤ ሕግ ለተከሳሽ የሚጠቅም ማስረጃ የማሳወቅ ግዴታ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1963 የብሬዲ ውሳኔ ተጥሎበታል፤ የ1972ቱ የጂሊዮ ውሳኔ የምስክሩን ታማኝነት የሚነካውንም ጨመረበት፤ ዝርዝሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዝርዝሩ የለንም ካሉ ይህም ዜና ነው፤ ግዴታውን በምን እንደሚወጡት ጠይቋቸው።

ሲመጡባችሁ

በ2023 ኦገስት 11 የካንሳስ ማሪዮን ከተማ ፖሊስ የማሪዮን ካውንቲ ሬከርድ ጋዜጣን ቢሮና የአሳታሚውን ቤት በረበረ። ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ሰርቨር ወሰደ። የጋዜጣው የጋራ ባለቤት የ98 ዓመቷ ጆን ሜየር በማግስቱ አረፉ። ለብርበራው የቀረበው ምክንያት አንድ ጋዜጠኛ የአንዲት ነዋሪን የመንጃ ፈቃድ ሁኔታ ከግዛቱ ድረ ገጽ ማየቷ ነበር። ጋዜጣው በዚያው ጊዜ አዲሱን የፖሊስ አዛዥ ጌዲዮን ኮዲን የቀድሞ የሥራ ታሪክ ሲያጣራ ነበር፤ ምንጮቹ ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈቀዱ ግን አላተመውም። በአምስተኛው ቀን የካውንቲው ዓቃቤ ሕግ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ማዘዣውን አነሣ፤ አዛዡ በኦክቶበር ለቀቀ። በ2024 የወጣው የልዩ ዓቃቤያነ ሕግ ሪፖርት ጋዜጠኞቹ ወንጀል እንዳልሠሩ ደመደመ፣ የቀድሞው አዛዥም ተከሰሰ።

የ1980ው የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ፖሊስ የጋዜጠኛን የሥራ ሰነድ በብርበራ እንዳይወስድ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በፍርድ ቤት መጥሪያ ብቻ እንዲጠይቅ ያዛል። መጥሪያ ጠበቃ ለመጥራት ጊዜ ይሰጣል፤ ብርበራ አይሰጥም። ሕጉ ግን በር ላይ ቆሞ አይከለክልላችሁም፤ የሚያገለግለው በኋላ ስትከሱ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ የራሳችሁ ነው። የጠበቃ ስልክ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ስልካችሁ ይወሰዳልና። ኮምፒውተሮች በምስጢር ቁልፍ ይዘጉ፤ ቅጂው ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። የምንጮች ስም ከጽሑፉ ፋይል ጋር አንድ ማሽን ላይ አይደር። ሲመጡ ማዘዣውን አንብቡ፣ ቅጂ ጠይቁ፣ «አልተስማማሁም» በሉ፣ በአካል አትከልክሉ፣ የተወሰደውን ዕቃ መለያ ቁጥር መዝግቡ። ማዘዣው የተሰጠበትን የቃለ መሐላ ጽሑፍ በዚያው ቀን ከፍርድ ቤት ጠይቁ።

በኦክላሆማ የማክርቴን ጋዜት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። አሳታሚው ብሩስ ዊሊንግሃም የካውንቲው ኃላፊዎች ስብሰባው ካለቀ በኋላ በሕገ ወጥ መንገድ የሕዝብ ጉዳይ ይነጋገራሉ ብሎ ጠርጥሮ በ2023 ማርች መቅጃ ትቶ ወጣ። የተቀዳው ሸሪፉና ሌሎች ባለሥልጣናት ጋዜጠኞችን ስለማስገደል ሲያወሩ ሆነ፤ አንድ የካውንቲ ኮሚሽነር ለቀቀ። ይህን ዘዴ ለሁላችሁም አልመክርም። በብዙ ግዛቶች ከተናጋሪዎቹ አንዱም ካልፈቀደ መቅዳት ወንጀል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው ደግሞ ተናጋሪ አይደለም። ዊሊንግሃም አስቀድሞ ጠበቃ አማክሮ ነበር።

ምንጩን የሚያጋልጠው ስሙ ብቻ አይደለም

ትንሽ ከተማ ውስጥ ምንጭ የሚታወቀው በማጣራት ነው። «ሰነዱን ያየ አንድ የጣቢያው ሠራተኛ» ብላችሁ ከጻፋችሁና ሰነዱን ያዩት ሦስት ሰዎች ከሆኑ፣ ሁለቱ ደግሞ የአዛዡ ዘመዶች ከሆኑ፣ ስሙን ጽፋችኋል። ለእያንዳንዱ ሰነድ ስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከአምስት ካነሰ ያንኑ ሰነድ በይፋ ጥያቄ ከሌላ ቦታ እስክታገኙ አትጥቀሱት። የፎቶ ቅጂ ላይ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ የስቴፕለር ቀዳዳ፣ የገጹ ጥግ ላይ ያለ የአታሚ ቁጥርና ቀን ሁሉ ያሳብቃል፤ ስለዚህ ሰነዱን እንደገና ተይቡት እንጂ ምስሉን አታውጡ።

መጀመሪያ ያነሣሁት የኤቶዋው ሣር አጫጅ ከጋዜጠኛው ጋር የተነጋገረበት ጽሑፍ በወጣ በቀናት ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ታሰረ። ነገሮቹ ተያያዙም አልተያያዙም፣ ማንኛውም ምንጭ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ይህ ሊደርስበት እንደሚችል በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የራሱ ገመና፣ የቆየ መቀጮ፣ ያላደሰው መንጃ ፈቃድ ካለ አስቀድሞ ጠይቁት፤ የሚመጡበት በዚያ በኩል ነው።

ከማተም በፊት

ጽሑፉ ሲያልቅ ለአዛዡ ወይም ለሸሪፉ ቁጥር የተሰጣቸው ጥያቄዎች ላኩ፤ ከአምስት እስከ ሰባት የሥራ ቀን ስጧቸው። ከማኅደሩ የወሰዳችሁትን ስሌት አብራችሁ ላኩና «የትኛው አኃዝ ስሕተት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ካሉ ዝም ማለታቸውን ጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ሒሳቡን አይነካም፣ ስለ እናንተ ይናገራል፤ ይህ በራሱ ይረዳችኋል። ነገር ግን አንድ አኃዝ ቢያርሙ ሌሎቹንም እንደገና አስሉ።

የስም ማጥፋት ክስ ፍርሃት ጥንቃቄን ሊጨምር ይገባል እንጂ ዝምታን አይደለም። በ1964 የኒው ዮርክ ታይምስና የሱሊቫን ውሳኔ መሠረት የመንግሥት ባለሥልጣን ለማሸነፍ ጋዜጠኛው ውሸት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ሐሰቱን ከምንም ሳይቆጥር እንደጻፈ ማስረዳት አለበት። ሱሊቫን በሞንትጎመሪ የፖሊስን ሥራ የሚቆጣጠሩ ኮሚሽነር ነበሩ። ከዚያም በፊት፣ በ1931፣ መንግሥት ሕትመትን አስቀድሞ እንዳያግድ የወሰነው የኒርና ሚኒሶታ ጉዳይ የተነሣው የሚኒያፖሊስ ፖሊስ አዛዥ ከወንበዴዎች ጋር ይሠራል ብሎ ከጻፈ ትንሽ ጋዜጣ ነው። የአሜሪካ የፕሬስ ሕግ ከፖሊስ ጋር ስንት ጊዜ ተጋጭቶ እንደተሠራ ያስገርማል። ያም ሆኖ በየመስመሩ ተጠርጥሯል፣ ተከሷል፣ ተፈርዶበታል የሚሉትን አታምታቱ፤ ምንጩ የፍርድ ቤት ሰነድ ከሆነ መዝገብ ቁጥሩን በጽሑፉ ውስጥ አስገቡ።

የመጨረሻው ነጥብ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ከብሩክሳይድ ዘገባ በኋላ አላባማ በ2022 ከተሞች ከትራፊክ ቅጣት ይዘው የሚያስቀሩትን ገንዘብ ከበጀታቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበች። እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ገንዘቡ ስሙን ቀይሮ «የአገልግሎት ክፍያ» ወይም «የመኪና ማስለቀቂያ» ሊሆን ይችላል። ጽሑፋችሁ በወጣ በዓመቱ ያንኑ የሰነድ ጥያቄ፣ ያንኑ የመስመር ስም፣ ደግማችሁ ላኩ፤ አዲስ የገቢ መስመር ካያችሁ ደግሞ መቼ እንደተከፈተ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ።